የሚዳቋ ቁርጭምጭሚትና ሦስቱ ጠያቂዎች

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ድሮ ድሮ፣ አራዊት እንደ ጎረቤት በሚጨዋወቱበት፣ የገዛ አካላቸውም በሚመልስላቸው ዘመን፣ አንዲት ሚዳቋ ከግልገሏ ጋር በገደል አፋፍ ላይ ትኖር ነበር። ደግ ናት፣ ጨዋ ናት፤ ይሉኝታዋ ግን ልክ የለውም።

አንድ ቀን ድንጋይ ስትዘል እግሯ ወለም አለ። ወጌሻዋ ኤሊ መጥታ አሸችላት፤ በልጥም አሰረችላት።

«ሦስት ቀን እንዳትቆሚበት። በአራተኛው ትራመጃለሽ» አለቻት።

ያን ሰሞን ምንጩ ደርቆ ነበር። አራዊቱ ሁሉ ጤዛ እየላሱ ሰንብተው፣ በአራተኛው ቀን ገደሉን ወርደው ወንዝ ሊሄዱ ተቀጣጥረዋል። ሚዳቋ ካልወረደች ግልገሏ በውኃ ጥም ማለቁ ነው።

በመጀመሪያው ቀን አያ ጃርት ሊጠይቃት መጣ። ሚዳቋ «ኖር!» ብላ ብድግ።

«ኧረ በእግዜር! በሞቴ አትነሺ!» አለ ጃርት። እሷ እቴ፣ ቆማለች።

«ወይኔ!» አለ ቁርጭምጭሚቷ። «ቁጭ በይልኝ እንጂ!»

«ዝም በል፣ እንግዳው ይሰማሃል» አለችው።

በሁለተኛው ቀን ጋሽ ዝንጀሮ መጣ። «ኖር!» ብላ ብድግ።

«ኧረ በእግዜር! አትነሺ!» ቆማለች።

ዝንጀሮ ሲሄድ ቁርጭምጭሚት እያቃሰተ ተናገረ። «ይኸው አበጥኩልሽ። ስትሮጪ እኔ፣ ስትዘዪ እኔ፣ ቁልቁል ስትወርጂ መላ ክብደትሽን የምሸከመው እኔ። አመስግኚኝ ብዬሽ አላውቅም። አሁን ግን ፈራሁ። አንዴ ከደገምሽኝ ገደሉን አላወርድሽም።»

«ምን ላድርግ? ቢያሙኝስ?» ብላ አለቀሰች።

በሦስተኛው ቀን የመጡት ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? አማቷ! በትንሽ በትልቁ የሚቀየሙት እኚያ አሮጊት ሚዳቋ!

ሚዳቋ ልትነሳ ስትል ቁርጭምጭሚት «ግልገሉን እዪው» አላት። አየችው። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ጥግ ላይ ተኝቷል። ባለችበት ቀረች።

«እማዬ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ዛሬስ አልነሳም» አለች።

አማቷ በሩ ላይ ቀጥ አሉ። ሚዳቋ አቀረቀረች። አሮጊቷ ግን ቀስ ብለው ገቡና አጠገቧ ተንበርክከው ያበጠውን እግር ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ይህን ያህል ነው እንዴ? ልጄ፣ ገና ብቅ ስል ዘለሽ እየተነሳሽልኝ ፊትሽን ብቻ ነበር የማየው። እግርሽን አይቼው አላውቅም» አሉ፤ እሳቸውም አለቀሱ። ከዚያ ወጥተው ደጁ ላይ ተቀመጡ፤ የመጣውን ጠያቂ ሁሉ ከውጭ እያመሰገኑ ሲመልሱ ዋሉ።

በአራተኛው ቀን ሚዳቋ ተነሳች። ቁርጭምጭሚቷ ቢያቃስትም አልከዳትም፤ ቀስ እያለ ቁልቁለቱን አወረዳት። ግልገሏም አንገቱን ደፍቶ ጠጣ፣ ጠጣ፣ ጠጣ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ የታመመ ስትጠይቁ «አትነሳ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ እግሩንም እዩለት። የታመመውም ቁጭ ይበል፤ የሚወደው አይቀየመውም። እኔ ጨርሻለሁ፣ ልሂድ፤ በሞቴ አትነሱልኝ!