ዋስ ያጡት ሦስት እባቦች

ተረት ልል ነው! ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል፣ እንቅልፍ ያለው ግድግዳውን ይደገፍ። መሀል ላይ ያዛጋ ግን ተነስቶ ውሃ ያመጣልኛል፤ አስቀድሜ ተናግሬያለሁ።

ድሮ ነው። በጣም ድሮ። ዱላ ብቻውን የሚሄድበት፣ ድንጋይ የሚያወራበት ዘመን። አሁንማ ድንጋዩም ዝም አለ። ምን ያድርግ፣ እኛ ስናወራ ተራ አጣ።

በዚያ ዘመን አንድ መንገድ ዳር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር። ፀሐይ ስትወጣ መጀመሪያ የምታርፈው እሱ ላይ ነው። ሙቀቱ ምን ልበላችሁ፣ ሁለት ጋቢ ቢደርቡ አያመጡትም። እባብ ደሞ ብርዳም ነው። ጠዋት ካልሞቀ ገመድ በሉት፣ ምንም አይነቃነቅም።

እዚያ ሰፈር ሦስት እባቦች ነበሩ። አንዱ አያ እፉኝት ነው፤ አጭር፣ ወፍራም፣ መንገድ ላይ ተጋድሞ እስኪረግጡት የሚጠብቅ ሰነፍ። ሁለተኛው አያ ተፊ ነው፤ አንገቱን እንደ ጭልፋ አስፍቶ ከሩቅ ዓይን ውስጥ መርዝ የሚተፋ። ሦስተኛው አያ ውልብታ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ አየሁት ስትሉ የሌለ።

ሦስቱም ያንን ድንጋይ ፈለጉት። ድንጋዩ የሚይዘው ግን አንድ ብቻ ነው።

«ድንጋዩ የኔ ነው» አለ እፉኝት። «ከሁላችሁም መርዛሙ እኔ ነኝ። የነከስኩት እግር ያብጥና ጎተራ ያክላል።»

«ወግድ!» አለ ተፊ። «አንተ እስክትረገጥ ትጠብቃለህ። እኔ ሳልነካው ነው የማሳውረው። መርዝ ማለት የኔ ነው።»

«ኧረ ባካችሁ!» አለ ውልብታ። «እናንተ የነከሳችሁት እቤቱ ደርሶ፣ ዘመድ ጠርቶ፣ ተናዞ ነው የሚሞተው። የኔው 'እባብ' ብሎ ለመጨረስ ጊዜ የለውም። 'እባ' ሲል ያልቅለታል።»

ተጨቃጨቁ። ጠዋት ተጨቃጨቁ፣ ረፋድ ተጨቃጨቁ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች፣ እነሱ ገና ይጨቃጨቃሉ። ድንጋዩ ላይ ግን ማንም አልሞቀም።

በዚያ ዘመን አንድ ልማድ ነበር። ሰዎች መንገድ ላይ ከተጣሉ፣ የመጀመሪያውን አላፊ «በሕግ አምላክ!» ብለው ያቆሙታል። የቆመው ሰው ዳኛ ነው። ቸኩያለሁ፣ ቤቴ እንግዳ አለ ማለት የለም። ቆሞ ሰምቶ ይፈርዳል። የእሱንም ቃል ባለጉዳዮቹ ያከብራሉ።

እንግዲህ በዚያች ሰዓት ማን ብታልፍ ጥሩ ነው? እመት አይጥ! ከጎተራ የለቀመቻትን ገብስ ጉንጯ ውስጥ ወትፋ ወደ ቤቷ ትሮጣለች። ቤቷ ዓይናቸውን ያልገለጡ ልጆች አሉ። ገና ፀጉር እንኳ አላበቀሉም፣ ቀይ ባቄላ ነው የሚመስሉት። ካልጠቡ አይመሹም።

«በሕግ አምላክ!» አሉ ሦስቱ ባንድ ድምፅ።

እመት አይጥ ቀጥ አለች። ገብሱ ከጉንጯ ዝርግፍ አለ።

«አቤት ጌቶቼ?»

«ዳኛ ነሽ። ከሦስታችን ማነው መርዛሙ? ፍረጂ!»

አይጥ ቀና ብላ እፉኝትን አየችው። ተፊን አየችው። ውልብታን ልታየው ስትል እሱ ቀድሞ ከኋላዋ ዞሯል።

«እኔ ምስኪን» አለች፣ «መርዝ በምን አውቃለሁ ጌቶቼ?»

«ቀላል ነው» አለ ውልብታ። «ሦስታችንም እንነክስሻለን። ቶሎ የገደለሽ ያሸንፋል።»

«ጎበዝ! ይኼ ነው ፍትሕ!» አለ እፉኝት።

የአይጥ ልብ ከበሮ ሆነ። ልጆቿ ትዝ አሏት። ግን ልብ ሲደልቅ አፍ ዝም ካለ መቀበር ነውና ተናገረች።

«ጥሩ ሐሳብ ነው ጌቶቼ። ብቻ አንድ ነገር አልገባኝም። የመጀመሪያው ከገደለኝ፣ ሁለተኛው ማንን ሊነክስ ነው? ሬሳ? ደሞስ ከሞትኩ በኋላ 'እገሌ አሸነፈ' የሚለው ማነው?»

እባቦቹ ተያዩ። ይኼን አላሰቡበትም። መርዝና ሐሳብ አንድ ራስ ላይ አብረው አይበዙም መሰለኝ።

«እንግዲያው መጀመሪያ የምነክሰው እኔ ነኝ» አለ ተፊ።

«ማን ስለሆንክ? እኔ ነኝ!» አለ እፉኝት።

ሊናከሱ ሲሉ አይጥ ጉሮሮዋን ጠረገች። ዳኛ ናችሁ ሲሏችሁ ጉሮሮ መጥረግ ደስ ይላል፣ ሞክሩት።

«ጸጥታ! ዳኛ ካላችሁኝ እንደ ዳኛ ልናገር። ሙግት የሚከፈተው በዋስ ነው። ከሳሽም ተከሳሽም ዋስ ይጠራል። 'ይኼን ሰው አውቀዋለሁ፣ ከቃሉ ቢወጣ እኔን ያዙኝ' የሚል አንድ ወዳጅ ያቅርብ። ዋስ ቀድሞ የጠራ፣ ቀድሞ ይንከሰኝ።»

«እውነቷን ነው፣ ደንቡ እንደዚያ ነው» አሉ። ራሳቸው በሕግ አምላክ ብለው ያቆሟትን ዳኛ እንዴት እምቢ ይበሏት!

«አንዱ ዋሱን ሲጠራ ሁለታችሁ እኔን ጠብቁኝ» አለች። «እንዳላመልጥ።» እንዲያ ስትል ደስ አላቸው። ታማኝ ዳኛ አገኘን አሉ።

መጀመሪያ አያ እፉኝት ነው። ሰነፍ ነው ብያችኋለሁ፣ የትም አልሄደም። እዚያው ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ወጥቶ ተጋደመና፣ አንገቱን ወደ ታች ቀለስ አድርጎ ድንጋዩን ጠየቀው።

«አባባ ድንጋይ፣ ዋስ ሁነኝ። ጎረቤት ነን። አንተ ደሞ ብነክስህም ምንም አትሆንም።»

«አልሆንም» አለ ድንጋይ። «እስቲ ልጠይቅህ። ሰው አንተን ባየ ቁጥር የሚያነሳው ማንን ነው?»

«ድንጋይ።»

«የሚወረውረውስ?»

«ድንጋይ።»

«ስንቱ ወንድሜ ባንተ ምክንያት ገደል ገባ! በል ከጀርባዬ ውረድ።»

እፉኝት ወረደ።

ቀጥሎ አያ ተፊ ሄደ። ዔሊትን ጎመን እየቀረጠፈች አገኛት።

«እንደምን ዋልሽ እመት ዔሊ?» ሲላት ራሷን ሰብስባ ልብሷ ውስጥ ገባች።

«ማነህ?» አለች ከውስጥ።

«እኔ ነኝ፣ ተፊ። ዋስ እንድትሆኚኝ ነው የመጣሁት። መቼም ያንቺን ጀርባ መርዝ አይበሳውም።»

«ጀርባዬንማ አይበሳውም። ዓይኔ ግን ቆዳ የለበሰ መሰለህ? ባለፈው ክረምት 'ደህና አደርክ' ብዬህ ምን መለስክልኝ?»

«...አስነጠሰኝ እኮ።»

«ሳምንት ሙሉ በዳበሳ ነው ጎመን የበላሁት። አንድ ቀን እሾህ በላሁ። በሩን ዝጋና ሂድ።»

«በር የለሽም እኮ!»

«እኔ ዘግቻለሁ!» አለች፣ ጭራሽ ድምጿ ጠፋ።

ሦስተኛው አያ ውልብታ ነው። ሂድ ሳይባል ሄዶ፣ ሳይጠበቅ ደረሰ። ማንን አገኘ መሰላችሁ? አጥር ተደግፎ ፀሐይ የሚሞቅ ዱላ። ሽማግሌ ዱላ ነው፤ ጫፉ በቅባት የወዛ፣ ብዙ አገር ያየ።

«አያ ዱላ፣ እኔና አንተ እንመሳሰላለን» አለው ውልብታ። «ሁለታችንም ረጅም፣ ሁለታችንም ቀጭን። ዘመድ ሳንሆን አንቀርም። ዋስ ሁነኝ።»

ዱላ ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«የኔ ልጅ፣ ከናንተ ቤት ስንቱን አግኝቻለሁ። አባትህን አግኝቼዋለሁ። አጎትህንም አግኝቼዋለሁ። ግን እስከዛሬ ከአንዳቸውም ጋር ጨዋታ አልጀመርንም፤ ገና ስንገናኝ ነው የምንለያየው። አሁን አንተ ራስህን ጠጋ አድርገህ...»

ጠጋ የሚል የለም። ውልብታ ሲመለስ ፍጥነቱ ከሄደበት ይበልጥ ነበር።

እንግዲህ ሦስቱም ባዶ እጃቸውን ተሰበሰቡ። እጅ የላቸውም እንጂ።

«እርስ በርሳችንስ ዋስ ብንሆን?» አለ እፉኝት። «ተፊ፣ አንተ ለኔ ሁን።»

«ላንተ? ትናንት ጭራዬን ልትነክሰው አልነበረም? ይልቅ ውልብታ ይሁንልኝ።»

«እኔ እናንተን አላውቃችሁም» አለ ውልብታ። «እባብ አይታመንም።»

ይቺ ስትወጣው ለራሱም አልገባችውም። አይጥ ግን ጆሮዋን አቆመች።

ተፊ አንገቱን አሰፋ። «ዋስ ገደል ይግባ! ዝም ብለን እንንከሳት!»

ሦስቱም ዙሪያዋን ጠበቡ። አይጥ መሀል ቀረች። ዞር ብትል እፉኝት፣ ዞር ብትል ተፊ፣ ዞር ብትል ውልብታ። አሁን ልጆቿ ቤት ውስጥ ሲጮሁ የሰማች መሰላት።

«እሺ» አለች በቀጭን ድምጿ። «ብቻ ልጆቼን አጥብቼ ልምጣ። ነገ ፀሐይ ስትወጣ እዚሁ ተመልሼ ፍርዴን እሰጣለሁ። ለዚህ እኔም ዋስ እጠራለሁ። ካጣሁ ንከሱኝ።»

እባቦቹ በሳቅ ተንከባለሉ። እፉኝት በጀርባው ሆነ፣ ለመገልበጥ ተቸገረ።

«አንቺ? የጎተራ ሌባ! እኛ ያጣነውን ዋስ አንቺ ልታገኚ? ጥሪ! ጥሪና እንሳቅ!»

አይጥ በኋላ እግሯ ቆመች። «አገር ስማኝ! ነገ እመለሳለሁ። ዋስ የሚሆነኝ አለ?»

ጸጥ። ተፊ አፉን መክፈት ጀመረ።

«እኔ አለሁ» አለ አንድ ወፍራም ድምፅ ከአጠገባቸው።

ጠፍጣፋው ድንጋይ ነው። «አውቃታለሁ። ጥርሷን እኔ ላይ ነው የምትሞርደው። ሳታስፈቅድ ሞርዳ አታውቅም። ሁሌ 'ይቅርታ አባባ' ትላለች።»

«እኔም አለሁ!» አለ ከሩቅ ሌላ ድምፅ። ዔሊት ናት። እሷ ገና መንገድ ላይ ናት፤ ድምጿ ቀድሟት ደረሰ። «በጀርባዬ ተገልብጬ ሰማይ ሰማይ ሳይ፣ ከጎኔ አፈሩን ቆፍራ የገለበጠችኝ እሷ ናት!»

ከዚያ ቋ! ቋ! ቋ! የሚል ተሰማ። ሦስቱ እባቦች ዞር አሉ። ዱላ በአንድ እግሩ እየዘለለ ይመጣል።

«እኔም ዋሷ ነኝ» አለ። «እውነቱን ለመናገር ጫፌን ቆርጥማኛለች፣ አልዋሽም። ግን ምስጥ ሌሊት ሊጨርሰኝ ሲል ጮኻ ቤቱን ያስነሳች እሷ ናት። የማይቀበለኝ አለ?»

«ኧረ ተቀብለናል!» አለ ውልብታ።

«ዋስ ነው እንጂ!» አለ ተፊ፣ አንገቱን ሰብስቦ።

«እንዲያውም አንድ ይበቃ ነበር» አለ እፉኝት።

እመት አይጥ ቤቷ ገባች። ቀይ ባቄላዎቹን አጠባች። ባሏ ወሬውን ሲሰማ ጭራው ቆመ።

«አትመለሺም! አብደሻል? ካመለጥሽ አመለጥሽ!»

«ዋስ ጠርቻለሁ እኮ።»

«ዋስሽ ድንጋይ ነው! ድንጋይ ምን ይሆናል?»

«ድንጋዩማ ምንም አይሆንም» አለች። «ቃሉ ነው የሚሰበረው። ሌላ ቀን ደሞ 'አለሁ' የሚለኝ ማነው?»

ባሏ ዝም አለ። ባል ዝም ሲል ተስማማ ማለት ላይሆን ይችላል፤ ግን ዝም አለ።

በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ አይጥ እየተንቀጠቀጠች መጣች። እየተንቀጠቀጠች ነው፣ ግን መጣች። ድንጋዩ እዚያው አለ፤ የት ይሄዳል? ዱላ ከጎኑ ቆሟል። ዔሊትም ያኔ መድረሷ ነው። ሦስቱ እባቦች ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ትመጣለች ብለው አልጠበቁም ነበር፤ ሲያዩዋት ከመንከስ ይልቅ ማፈር መጣባቸው።

«ፍርዴን ስሙ» አለች። «ከሦስታችሁ ማን መርዛም እንደሆነ አላውቅም። ቢቀርብኝም ግድ የለኝም። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ መርዛችሁን የሚፈራ አገር ሙሉ አለ፣ 'አለሁ' የሚላችሁ ግን አንድም የለም። ሙግት ያለ ዋስ አይከፈትም። ስለዚህ ዋስ እስክታገኙ ድረስ ጉዳዩን በቀጠሮ አሳድሬዋለሁ። እስከዚያ ድንጋዩ ቀድሞ ለመጣ ነው።»

ቀድሞ የመጣው እንሽላሊት ነበር። ሆዱን አስጥቶ ተኝቷል።

ሦስቱ እባቦች በሦስት መንገድ ሄዱ። ዋስ ፍለጋ። ይኸው እስከዛሬ ይዞራሉ፣ ቀጠሮውም እስከዛሬ አልደረሰም። እባብ ስታዩ ምላሱን ወጣ ገባ፣ ወጣ ገባ የሚያደርገው ለምን መሰላችሁ? «ዋስ ሁኑኝ» ሊል ነው። ግን ማን ቆሞ ይሰማዋል! እኔ ራሴ አንድ ቀን እርሻ ዳር አገኘሁት። ምስኪን ነው፣ ልስማው ብዬ ነበር። እግሬ እምቢ አለኝ። እግሬ እኔን ትቶ ቀድሞኝ ቤት ገባ።

በሉ እኔ የሰማሁትን አደረስኩ፣ እናንተ ደሞ ላልሰማ አድርሱ። ያዛጋኸው ልጅ፣ አይቼሃለሁ፣ ተነስና ውሃዬን አምጣ። እስከዚያ ይቺን ያዙልኝ፦ ስንቱ ይፈራኛል ብሎ ከመቁጠር፣ ማን «አለሁ» ይለኛል ብሎ መቁጠር ይሻላል።