ከመዲና መንገድ የቀሩት አትክልተኛ

አላህ ለእነሱም ለእኛም ይዘንልንና፣ ከቀደሙት ደጋጎች መካከል የአንዱን ነገር ዛሬ ላውጋችሁ።

ስሟን የማልጠቅስላችሁ አንዲት ጥንታዊ ከተማ ነበረች። ከግንቧ በታች ወንዝ ይወርዳል፤ በወንዙ ግራና ቀኝ የከተማው ሰዎች ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ጎመን ያለሙ ነበር። ሼህ ሙርሰል የሚባሉ አዛውንት ከእነዚያ አትክልተኞች አንዱ ነበሩ። ጠዋት መሬታቸውን ይኮተኩታሉ፤ ከሰዓት ከዐስር ሶላት በኋላ መስጂድ ተቀምጠው ለልጆች ቁርኣን ያቀራሉ።

ሰው ሁሉ የሚያውቅላቸው አንድ ናፍቆት ነበራቸው፤ ሐጅ አድርገው መዲናን መዘየር። በየዓመቱ የሐጃጆች ቅፍለት በምሥራቁ በር ሲወጣ፣ ግመሎቹ ከዓይን እስኪሰወሩ ቆመው ያያሉ። ከሐጅ የተመለሰ ሰው ሲያገኙ እንደ ሌላው ስለ ባሕሩና ስለ ገበያው አይጠይቁም። «የነቢዩ መስጂድ ደጃፍ ስትደርስ መጀመሪያ የታየህ ምንድን ነው?» ይሉታል፤ መልሱንም አንገታቸውን ደፍተው ያዳምጣሉ። በስህተት «ሐጂ» ብሎ የጠራቸውን «ገና አልተጠራሁም» ብለው ያርሙታል። ባለቤታቸው ሰዓዳ አብራቸው ለመሄድ የነየተች ነበረች። ሁለቱም ሳይሄዱ እሷ ወደ አኼራ ቀደመች። ለራሳቸው ካደረሱ በኋላ ለእሷም ሐጅ ሊያደርጉላት ቃል ገብተው ነበርና፣ ከሞቷ ወዲህ ናፍቆቱ የሁለት ሰው ሆኖ በእሳቸው ላይ ወደቀ።

በዚያች ከተማ የአትክልት አያያዝ ከአባት እንደወረደ ነበር። ዘሩን ሜዳው ላይ ይበትኑታል፤ ወንዙን ጠልፈው መሬቱን ያጥለቀልቁታል። ሽንኩርቱ ተጨናንቆ ይቀጭጫል፤ ቲማቲሙ ጭቃ ላይ ተኝቶ ይበሰብሳል። ሼህ ሙርሰል ግን ከሰዓዳ ሞት በኋላ ብቸኝነቱን በሥራ ሊረሱት ሲታገሉ፣ ከመሬታቸው ጥግ ላይ አንዱን ነገር ከሌላው እያስተያዩ መሞከር ጀመሩ። ችግኙን ለብቻው መደብ ላይ አፍልተው፣ ጠንከር ሲል አራርቀው ተከሉት። አፈሩን ከፍ አድርገው ውሃውን በመሃል በቦይ ለቀቁት። የቲማቲሙን ግንድ በእንጨት ደገፉት፤ ሥሩን ገለባ አለበሱት። ሽንኩርት የነበረበትን መሬት በተከታዩ ወቅት ባቄላ ዘሩበት። አንዳንዱ ሙከራ ከሸፈባቸው፤ የቀናቸውን ያዙ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያቺ ጠባብ መሬት የሰፋፊዎቹን ያህል ታፈራ ጀመር። ጎረቤቶቻቸው ግን የሼሁ በረካ ነው አሉ እንጂ ከአጥሩ ወዲያ ምን እንደሚደረግ የጠየቀ አልነበረም።

ዝናቡ ከልክ ባለፈበት ዓመት የወንዙ ዳር አትክልት ሁሉ በሰበሰ። የሼህ ሙርሰል ብቻ ቆመ። ያኔ ሙክታር የሚባል ነጋዴ መጣ፤ ለመንገደኞች ማረፊያና ለትልልቅ ቤቶች አትክልት የሚያቀርብ ሰው ነበር። መሬቱን ዞሮ አየና ነገሩ በረካ ብቻ እንዳልሆነ ገባው። የሚያፈሩትን ሁሉ በደህና ዋጋ እንደሚወስድ፣ በዚህ ዓመት ከሚወጣው ቅፍለት ጋር በእሱ ወጪ ስንቃቸውና መርከባቸው ተችሎ ሐጅ እንደሚያደርጉ፣ ለባለቤታቸውም የሚሄድ ሰው እንደሚልክ ነገራቸው። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አጥሩን ከፍ እንዲያደርጉና የአተካከሉን ዘዴ ለማንም እንዳያሳዩ።

ሼሁ እስከ ጁምዓ እንዲታገሳቸው ለመኑት። ነገሩን በልባቸው አገላበጡት። የሰረቁት ነገር የለም፤ ዘዴው የገዛ ልፋታቸው ነው፤ ማንም ከልክለኸኛል ብሎ ሊከሳቸው አይችልም። ለኢሕራም፣ ሐጅ ላይ ሊለብሱት፣ ያስቀመጡትን ነጭ ጨርቅ አውጥተው አጠቡት። ያን ሳምንት መንገድ ላይ ሲሄዱ ፊታቸው እንደ ሙሽራ ይበራ ነበር ይባላል።

ጁምዓ ጠዋት ጎረቤታቸው ዘይነባ ወደ አጥራቸው በር መጣች። ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን በዚያች መሬት የምታሳድግ ሴት ነበረች። ስለ ዘዴ አልጠየቀችም፤ ዘዴ መኖሩንም አታውቅም።

«ሼሆቼ፣ ቲማቲሜ ዘንድሮም በሰበሰ» አለች። «ለልጆቼ የማበላው የለኝም። ዱዓ ያድርጉልኝ።»

ሼህ ሙርሰል እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ዘረጉ። ዘይነባም አሚን ልትል ጠበቀች። ዱዓውን ሳይጀምሩ ግን ከአጥሩ ወዲያ በእንጨት ተደግፎ የቆመውን የራሳቸውን ቲማቲም አዩ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። ከዚያ እጃቸውን ዝቅ አድርገው ዶማቸውን አነሱ።

«ነይ፣ መሬትሽን አሳዪኝ» አሏት።

ከራሳቸው መደብ ችግኝ ከነአፈሩ ነቅለው በቅርጫት ይዘው ወረዱ። አፈሩን እንዴት ከፍ እንደምታደርግ፣ ቦዩን በየት እንደምትለቅ፣ ከችግኝ እስከ ችግኝ ምን ያህል እንደምታራርቅ እየተከሉ አሳዩዋት። በዚያ የሚያልፉት አትክልተኞች ቆመው አዩ። ሼሁም ወደ መሬታቸው እየጠሩ አስገቧቸው።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሙክታር መስጂዱ በር ላይ አገኛቸው። ወሬው ደርሶታል። አልተቆጣም፤ ይልቅ አዘነላቸው።

«ሼህ ሙርሰል፣ መዲና ደጅዎ ድረስ መጥታ ነበር።»

«አዎ፣ መጥታ ነበር» አሉት።

ቅፍለቱ ያለ እሳቸው ወጣ። በተከታዩ ወቅት የወንዙ ዳር ሁሉ አፈራ፤ አትክልቱ ረከሰ፤ የሼሁም ገቢ አነሰ። ቆይቶ ግን የሩቅ አገር ነጋዴዎች ወደዚያች ከተማ ለአትክልት ይመጡ ጀመር፤ ብዙ ቤት ከችግር ወጣ። ሼሁም እንደገና ማጠራቀም ጀመሩ፤ በቂ ሳይሞላላቸው ጉልበታቸው ከዳቸው።

ዓመታት አልፈው ዘይነባ ከመሬቷ ባገኘችው ሐጅ ለመሄድ በቃች። ከወንድሟ ጋር ልትወጣ ስትል ልትሰናበታቸው መጣች፤ አጠገባቸውም ተቀምጣ አለቀሰች።

«ሼሆቼ፣ ይህ መንገድ የእርስዎ ነበር። አይቆጭዎትም?»

ሼሁ ለነቢዩ ሰላምታቸውን እንድታደርስላቸው፣ ለሰዓዳም ዱዓ እንድታደርግላት በመጀመሪያ አደራ ሰጧት። ከዚያ በቀስታ እንዲህ አሉ፦

«ናፍቆቴ አልበረደም ልጄ። ግን የሰጠኝን ደብቄ፣ ያልሰጠኝን በየትኛው ፊቴ እለምነዋለሁ?»

ሼህ ሙርሰል ካዕባን ሳያዩ ሞቱ። ወገኖቼ፣ ይህን ታሪክ ስሰማ መጨረሻው ላይ አላህ በሌላ መንገድ ወስዷቸው እንደሆነ ደጋግሜ ጠይቄአለሁ። አልወሰዳቸውም። ሶብር፣ ትዕግሥት የምንለው፣ ልብ መመኘቱን መተዉ ይመስለን ነበር። እሳቸው ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው እየናፈቁ ኖሩ፤ በናፍቆታቸው ምክንያት ግን ማንንም አላስራቡም። እኛ ዱዓ አድርጉልኝ ላለን ሰው እጃችንን ስንዘረጋ፣ የጠየቀው ነገር እኛው ቤት ተቀምጦ እንደሆነስ? የሼሁን ኒያ፣ በልባቸው ያሰቡትን ሐጅ፣ አላህ እንዴት እንደተቀበለው የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። እኔ የማውቀው፣ ከዚያ ወዲህ ከዚያች ከተማ የሚወጣ ሐጃጅ ሁሉ መዲና ሲደርስ የአንድ አትክልተኛን ሰላምታ ያደርስ እንደነበር ነው።