የምስክሮቹ ቃል የገጠማቸው ሁለት ሰዎች

አንድ ዳኛ ነበረ። የእሱን ነገር የምነግርሽ ትናንት ከክፍል ስንወጣ ለጠየቅሽኝ ጥያቄ መልስ እንዲሆንሽ ነው። «ቲቸር፣ በኤክስ ቦታ ሦስትን ተካሁ፤ ከሁለቱም መረጃዎች ጋር ልክ መጣ። ታዲያ መረጃው በቂ ነው ስል ለምን ተሳስተሻል አሉኝ?» ብለሽ ነበር።

በዳኛው አገር ሌባ የሰረቀ እንደ ሆነ የአገሩ ወንድ ሁሉ በአንድ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ ሌባው እስኪታወቅም ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። ይህን ልማድ አውጫጭኝ ይሉታል። በአጨዳ ወራት፣ አብዛኛው ሰው ገበያ በወረደበት ቀን፣ የአንድ ባለጠጋ የእርሻ በሬ ከበረቱ ተነድቶ ጠፋ። አገሬው ሜዳ ላይ ተቀመጠ። ጤፉ ደርሷል፤ ሰማዩም ደምኗል። የሁሉም ልብ ማሳው ላይ ነበር።

ሁለት ምስክሮች ተነሡ፤ ሁለቱም የታመኑ ሰዎች ነበሩ። የመጀመሪያው፣ «በሬውን የነዳው ረጅም ሰው ነው፤ ጋቢ ስለ ተከናነበ ፊቱን አላየሁም» አለ። በሜዳው ላይ ረጅም ሰው ሞልቷል። ሁለተኛው፣ «እኔ ከሩቅ ነው ያየሁት፤ ቁመቱን አልለየሁም። አለንጋውን ግን በግራ እጁ ነበር የያዘው» አለ። ግራኙም አንድ ብቻ አልነበረም።

ይህን ጊዜ ሰው ሁሉ ወደ አንድ ገበሬ ዞረ። ገበሬው በቅርቡ ከሌላ አገር የመጣ ነው፤ ረጅም ነው፤ ግራኝም ነው። «ይኸው ገጠመ፤ በሉ እንነሣ» አሉ። ሌባ የተባለ ሰው ከነቤተሰቡ አገር ይለቃል። ገበሬው፣ «ሚስቴ አራስ ናት፤ ወዴት ልውሰዳት?» አለ።

ዳኛው ገበሬውን አስቀመጠና በእሱ ቦታ የባለጠጋውን ልጅ አቆመ። ልጁ አባቱን በቁመት የሚበልጥ፣ በግራ እጁ እየበላ ሲቆጡት ያደገ ነው። አለንጋ ቢያቀብሉት በግራው ተቀበለ። ዳኛው ምስክሮቹን ቃላችሁን ድገሙ አላቸው፤ ደገሙ። ከቃላቸው ልጁን የሚያወጣው አንድም አልነበረም።

ባለጠጋው ተነሥቶ ዳኛውን፣ «አባቴ፣ ፀሐዩ መታዎት እንዴ? የገዛ በሬዬን ልጄ ሰረቀኝ ሊሉኝ ነው?» አለ።

«ልጅህን ሌባ አላልኩም፤ ገበሬውንም አላልኩም። ምስክሮቹ አልዋሹም። ለሁለት ሰው የሚገጥም ቃል ግን አንዱን ለይቶ አያስይዝም።»

«ታዲያ ማን ነው?»

«አናውቅም። እንቀመጥ።»

ከኋላ አንዱ፣ «ጤፉ ይረግፋል እኮ» አለ።

«ይርገፍ» አለ ዳኛው።

አገሬው እያጉረመረመ ተቀመጠ። ገበሬውም ከሰው መካከል ተቀመጠ፤ አጠገቡ ያለው ሰው ቆሎ ዘገነለት።

እንግዲህ ልጄ፣ የዳኛው ወንበር የአንቺ ነው። ጥያቄው «ኤክስ ስንት ነው? ይህን ለማወቅ ሁለቱ መረጃዎች ይበቃሉ?» ይላል። አንዱ መረጃ ኤክስ በራሱ ሲባዛ ዘጠኝ ይሆናል አለሽ፤ ሌላው ኤክስ ከአምስት ያንሳል አለሽ። ሁለቱም እውነት ናቸው። ሦስትን ተካሽ፤ ገጠመ፤ እርሳስሽን አስቀመጥሽ። ኔጌቲቭ ሦስትን ግን ከተቀመጠበት አላስነሣሽውም። እሱም በራሱ ሲባዛ ዘጠኝ ነው፤ እሱም ከአምስት ያንሳል። አንድ ቁጥር ሲገጥምልሽ ሥራው ገና ተጀመረ። ማንም የማያስበውን ጥሪ፤ ኔጌቲቩን፣ ዜሮን፣ ክፍልፋዩን። ከእነሱ አንዱ ሌላ መልስ ይዞ ከገጠመ መረጃው አይበቃም። አንድም ባታገኚ ደግሞ ሌላ ሊኖር የማይችልበትን ምክንያት ሳታሳዪ በቂ ነው አትበይ።

ገበሬው ሌባ ቢሆንስ ትዪኝ ይሆናል። ሊሆን ይችላል፤ እኔም አላውቅም። ግን በቁጥር ያልለመድሽውን ጥንቃቄ በሰው ላይ ከየት ታመጪዋለሽ? ከምርጫዎቹ መጨረሻ የተጻፈው «ሁለቱም አብረው አይበቁም» የሚለው ላላጠና ተማሪ የተተወ አይደለም። የዳኛው ፍርድ እሱ ነው። እውነቱ እሱ ሲሆን በመልስ ወረቀትሽ ላይ ሳትፈሪ አጥቁሪው።