ያልተሳሳተው ካቢኔ

አንድ ንጉሥ ነበር። አባቱን ተክቶ ዙፋን ላይ በወጣ ጊዜ ካቢኔውን ለማዋቀር አልቸኮለም። የደጋውንም የቆላውንም ሰው አየ፤ ከነጋዴው፣ ከገበሬው፣ ከወታደሩና ከተማረው ወገን አውጣጥቶ፣ ሴትም ወንድም ቀላቅሎ፣ ለአምስት ዓመት የሚያገለግሉ ሚኒስትሮችን ሾመ። እውነቱን ለመናገር ምርጫው የሚያስመሰግን ነበር። ነገሩ የተበላሸው በሹመቱ ዕለት ነው። ንጉሡ አደባባይ ወጥቶ በሕዝቡ ፊት፣ «እነዚህን የሾምኳቸው እንዲያገለግሏችሁ ነው። ከመካከላቸው የተሳሳተ ግን አንድ ቀን አያድርም፤ ነጋሪት ተጎስሞ ይሻራል!» ሲል ቃል ገባ። ሕዝቡም እልል አለ። ማን እልል አይል!

ከተሿሚዎቹ አንዱ አሰጋኸኝ ይባላል። የመንገድና የድልድይ ሚኒስትር ሲሆን፣ ሥራ ሳይሠራ የዋለ ቀን እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነበር። በመጀመሪያው በጋ ቆላውን ከደጋው የሚያገናኝ መንገድ አስጠረገ። ለከርሞ ደግሞ ድልድይ በሌላቸው ወንዞች ላይ ድልድይ ሊያሠራ ድንጋይ ማስጠረብ ጀመረ።

በዚሁ መሐል የመጀመሪያው ነጋሪት ተጎሰመ። የተሻረችው ዘርፈሽዋል የምትባለው የንግድ ሚኒስትር ነበረች። ጨው ተወድዶ ድሃው አልጫ መብላት በጀመረ ጊዜ፣ ጨው በአዲስ መንገድ ከበረሃ እንዲመጣ ያደረገች እሷ ናት። ጨውም ረከሰ። ነገር ግን ጨው ጭነው ከሚመጡት ቅፍለቶች አንዱ በአሸዋ ማዕበል ጠፋ። ዘርፈሽዋል ወንበሯን ለቃ በጓሮ በር ወጣች፤ ሕዝቡም በረከሰው ጨው የተሠራ ወጥ እየበላ ስሟን ሲያነሳና ሲጥል አመሸ። ጥቂት ቆይቶ የእርሻ ሚኒስትሩ ተከተላት። ያከፋፈለው አዲስ ዘር በብዙ አውራጃ አምሮ ሲበቅል በአንዱ አውራጃ አልበቀለም ነበር።

አሰጋኸኝ ፈራ። ሚስት አለው፣ ልጆች አሉት፣ በጓሮ በር አንገቱን ደፍቶ መውጣት አልፈለገም። ደግሞም አንድ ነገር አስተዋለ። የተሻሩት ሁሉ አንድ ነገር የሠሩ ናቸው። ባልሠራው ነገር የተሻረ ሰው ግን እስካሁን አልታየም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የድንጋዩን ጠረባ አስቆመ። አቤቱታ ይዘው ለሚመጡ የወንዝ ዳር ሰዎችም በትሕትና ቆሞ፣ «ጉዳያችሁ በመጠናት ላይ ነው» ይላቸው ጀመር። ሰዎቹ እንደ ድሮው በገመድ መሻገራቸውን ቀጠሉ። በየክረምቱ ከመካከላቸው የሚቀር ነበር፤ እሱንም ወንዙ ወሰደው ተባለ እንጂ የአሰጋኸኝን ስም ያነሳ አልነበረም።

ሹም ሽር በተደረገ ቁጥር አሰጋኸኝ ከፍ አለ። ከመንገድ ወደ እርሻ፣ ከእርሻ ወደ ግምጃ ቤት ተዛወረ፤ በአራተኛው ዓመት ላይ ከመጀመሪያዎቹ ተሿሚዎች የቀረው እሱ ብቻ ስለሆነ ጠቅላይ ሚኒስትር ተባለ። «እንከን የለበትም» አለ ንጉሡ። አዲስ የሚሾሙትም ምክር ፍለጋ እሱ ዘንድ ይመጡ ነበር።

«ጌታዬ፣ እንዴት ብለው ነው እስከ ዛሬ የቆዩት?» አለው አንድ አዲስ ተሿሚ።

«የመጣልህን ጉዳይ ሁሉ አመስግነህ ተቀበል» አለው አሰጋኸኝ። «ከዚያ አሳድረው። ያደረ ጉዳይ ወይ ይረሳል፣ ወይ ሌላ ሰው ይነካውና እሱ ይሻርበታል።»

ምክሩ ተሰማ። ስብሰባው ጸጥ ያለ፣ ሥርዓት የያዘና አጭር ሆነ፤ ነጋሪቱም አቧራ ለበሰ። ንጉሡ የውጭ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ «የአሁኑ ካቢኔዬ ተሳስቶ አያውቅም» እያለ ይኩራራ ነበር። የንጉሡ ኩራት ሐሰት አልነበረም፤ ችግሩም ይኸው ነበር።

የዚያን ዓመት ክረምት ግን ዝናቡ በረታ። መናገሻ ከተማዋን ለሁለት የሚከፍለው ወንዝ ሞልቶ፣ ትልቁ ድልድይ ሥር ያለውን ድንጋይ ይፈነቅል ጀመር። ዕለቱ የእንቁጣጣሽ ገበያ ዋዜማ ነበር። የድልድዩ ጠባቂዎች፣ «ጭነት ሲያልፍበት መሐለኛው ምሰሶ ይንቀጠቀጣል» የሚል መልእክት ላኩ። ንጉሡ ካቢኔውን ሰበሰበ።

«ድልድዩ ይዘጋ ወይስ አይዘጋ?» ሲል ጠየቀ።

የንግድ ሚኒስትሩ፣ ይህ የመንገድ ጉዳይ ነው አለ። የመንገድ ሚኒስትሩ፣ ነገሩ ከገበያው ጋር የተያያዘ ስለሆነ የንግድ ነው አለ። ሌላው ይጠና አለ። ሌላዋ፣ «እኛማ ጃንሆይ እንዳሉ ነን» አለች። የቀሩት አንገታቸውን ደፉ። ንጉሡ አንድ በአንድ ሲያያቸው ቆየና መጨረሻ ላይ ዓይኑ አሰጋኸኝ ላይ አረፈ።

አሰጋኸኝ በልቡ ያሰላ ነበር። ድልድዩ ተዘግቶ ባይወድቅ ስሕተቱ የእሱ ነው። ክፍት ሆኖ ቢወድቅ ግን የጎርፉ ነው፣ የእግዜር ቁጣ ነው፤ ነጋሪት የሚጎሰምበት ሰው አይኖርም። እንዲህ ሲያሰላ ዓመታት አልፈዋል። በመስኮቱ ቁልቁል ሲመለከት ለበዓሉ የሚሆን ቄጠማ የተሸከሙ ሴቶች ዝናቡን ሽሽት እየተሯሯጡ ድልድዩን ሲሻገሩ አየ። አንዷ መሐል ላይ ቆማ ሕፃኗን ከጀርባዋ ታስተካክላለች። በገመድ የሚሻገሩት የወንዝ ዳር ሰዎች ፊቱ ላይ መጡበት። በራሱ አፈረ። እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

ተነሣ። «ጃንሆይ፣ ድልድዩ ይዘጋ። ያዘዝኩትም እኔ ነኝ።»

ድልድዩ ተዘጋ፤ የበዓሉ ገበያም ተበተነ። በወዲያኛው ዳር በጎች ሳይሸጡ ቀሩ፣ ኮክ በየቅርጫቱ በሰበሰ፣ በወዲህኛው ዳር ዶሮ የናፈቀው ሁሉ ሽሮ በላ። ድልድዩ ግን አልወደቀም። ውሃው ሲጎድልም እንደቆመ ነበር። ሕዝቡ ቤተ መንግሥቱ ደጃፍ ተሰብስቦ፣ «ተሳስቷል! ነጋሪት ይጎሰም!» እያለ ጮኸ።

አሰጋኸኝ ሳይጠራ ጋቢውን ለብሶ መጣ።

«ድልድዩ ቆሟል» አለው ንጉሡ። «ተሳስተሃል ማለት ነው?»

«ሊሆን ይችላል፣ ጃንሆይ። ልሻር መጥቻለሁ» አለ አሰጋኸኝ። «ከመሄዴ በፊት ግን አንድ ነገር ልናገር። እስከ በዓሉ ዋዜማ ድረስ አልተሳሳትኩም ነበር። ድልድይ ሳላሠራላቸው በየክረምቱ ወንዝ የበላቸው ሰዎች ነበሩ፤ ስለ እነሱ አንድም ቀን አልጠየቁኝም። እንዲያውም ሾሙኝ።»

ነጋሪት መቺው በትሩን ይዞ ትእዛዝ ይጠብቃል። ከውጭ ጩኸቱ ይሰማል።

«ዛሬ ይህን ሰው ብሽር» አለ ንጉሡ በመጨረሻ ለራሱ እንደሚናገር፣ «ነገ ድልድዩን የሚዘጋው ማን ነው?»

ከዚያም ብቻውን ወደ ደጃፉ ወጣ። «ድልድዩ የተዘጋው በመንግሥቴ ስም ነው። ወቀሳውም ለእኔ ነው» አላቸው። ከመሐል አንዲት ነጋዴ ቅርጫቷን ከፍ አድርጋ፣ «ኮኬስ ጃንሆይ?» ስትል ጮኸች።

«ኮክሽ በስብሷል፤ አንቺ ግን አለሽ።»

«ድልድዩም አለ!» አለች ሴትዮዋ። ሕዝቡ ሳቀ። ንጉሡም ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም።

«እውነትሽን ነው፣ አለ» አላት። «በዋዜማው ግን እንደሚኖር አንቺም፣ እኔም፣ አሰጋኸኝም አናውቅም ነበር። ሳያውቅ የወሰነውን ሰው፣ ዛሬ አውቀን እንዴት እንፍረድበት?»

ሴትዮዋ ቅርጫቷን አወረደች። ኋላ ግንበኞች ምሰሶውን አይተው፣ ገበያተኛውን ሁሉ ይሸከም ነበር ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ «እግዜር ይወቅ» ብለው ምሰሶውን ማደስ ጀመሩ።

አሰጋኸኝ አልተሻረም። ንጉሡም በሹመቱ ዕለት የገባውን ቃል በአደባባይ ሻረ። ሌባውንና ጉቦኛውን መሻሩን አልተወም፤ በቅንነት ወስኖ ለተሳሳተው ግን የሚጠይቀው፣ ምን ተማርክ የሚል ብቻ ሆነ። ለማይሳሳተውም አዲስ ጥያቄ ተጨመረ፤ ምን ሠራህ ይባላል። ይህን ጥያቄ መመለስ ያቃታቸው ሁለት ሚኒስትሮች ማንም ሳይገፋቸው በፈቃዳቸው ለቀቁ። የቀሩት መከራከር ጀመሩ፤ ስብሰባው ይረዝማል፣ ድምፅ ከፍ ይላል፣ ንጉሡን ራሱን «አይሆንም» የሚል ተገኘ። የተሳኩ ነገሮች ነበሩ፣ ያልተሳኩም ነበሩ። አሰጋኸኝ በቀረው ዘመኑ የወንዝ ዳር ድልድዮችን አሠራ። ሁለቱ ጠማማ ሆነው ፈረሱና እንደገና ተሠሩ። ሰዎች ግን በገመድ መሻገር ተዉ።

ወዳጆቼ፣ የሚሳሳትን ሰው ብቻ እያየን ስንሽር፣ ዙሪያችንን የሚሞሉት ጠቢባን አይደሉም፤ ምንም የማይነኩ ሰዎች ናቸው። የተሠራ ስሕተት ባለቤት አለው፣ ይታያል፣ ይታረማል። ሳይሠራ የቀረ ነገር ግን ባለቤት ስለሌለው ጉዳቱን ዝም ብሎ ያደርሳል። ይህ የነገሥታት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን። እርስዎስ በቤትዎ፣ በመሥሪያ ቤትዎ፣ በማኅበርዎ ውስጥ የተሳሳተውን ሁሉ ካራቁ በኋላ አጠገብዎ የቀሩት እነማን ናቸው? ጎርፍ በመጣ ቀንስ ከመካከላቸው ተነሥቶ «ያዘዝኩት እኔ ነኝ» የሚል አለ?