የቀይ ወይራ ከተማ አስጎብኚ

አባቶቻችን ሲያወሩት እንደሰማነው፣ በቀይ ወይራ ከተማ ባሻ ቢሰውር የሚባል ጠጅ ሻጭ ነበር። አንድ እግሩን ያነክሳል፤ ጠጁም ከእግሩ የተሻለ አልነበረም። ቤቱ የቆመው የቅዳሜው ገበያ ዳር ነው።

አንድ ዘመን የአገሩ ገዥ ደጃዝማች ውብሸት ገበያውን ወደ ጎረቤቲቱ ከተማ ወደ ሻሽ አምባ ለማዛወር አሰቡ። የገበያው ቀረጥ የእሳቸው ነውና ቦታውን በዓይናቸው ሊያዩ መጡ። የሻሽ አምባው ሹም ግራዝማች ጣሰውም ከኋላ ተከተሉ። የቀይ ወይራ ሽማግሌዎች ጨነቃቸው።

“ባሻ፣ ከተማችንን አንተ አሳይልን። ገበያው ከሄደ አለቀልን” አሉት።

«እናንተስ ተከትላችሁት ትሄዳላችሁ፤ እኔ በዚህ እግሬ እስክደርስ ገበያው ይበተናል» ብሎ ተነሣ።

መጀመሪያ ያሳያቸው ድልድዩን ነው። ያማረ የድንጋይ ድልድይ ነው፤ ወንዙ ግን በአንድ ክረምት ጎርፍ መንገዱን ቀይሮ በሌላ በኩል ስለሄደ ከድልድዩ ሥር ፍየሎች ይግጣሉ። ግራዝማች በሳቅ ፈነዱ።

“ውሃ የሌለው ድልድይ! ይህ ምን ጉድ ነው ባሻ?”

«ድልድዩስ ታማኝ ነው፣ ከቆመበት አልተነቃነቀም፤ የሸፈተው ወንዙ ነው።»

ከዚያ ወደ ፍል ውሃው ወረዱ። ባሻ፣ “ይህ ውሃ የማያድነው ሕመም የለም፤ እኔ ራሴ ልጅነቴን ሁሉ ተነክሬበታለሁ” አለ።

ደጃዝማች ከላይ እስከ ታች አዩት። “ታዲያ ለምን ታነክሳለህ?”

«ጌታዬ፣ ስገባ በሁለቱም ነበር።»

ፀሐዩ ሲበረታ ጠጅ ቤቱ አስገባቸውና በብርሌ ቀዳላቸው። ደጃዝማች አንዴ ተጎንጭተው ብርሌውን ወደ ብርሃን ቢያነሡት የግራዝማች ፊት በወዲያ በኩል ቁልጭ ብሎ ታያቸው። ግራዝማችም ነገሩን ሳያሳልፉ፣ “እኛ ዘንድ ታንኳ የሚቀዘፍበት ሐይቅ አለ። እናንተስ ሐይቅ የላችሁም?” አሉ።

«ነበረን፤ ጠጅ ስጥልበት አለቀ።»

ደጃዝማች እስኪያነቡ ሳቁ። በቅሏቸው ቀርባ ሊወጡ ሲሉ ግን ፊታቸውን ቋጠር አደረጉት። ሽማግሌዎቹ እጅ ነሥተው ቆሙ።

“ባሻ፣ አሳቅኸኝ፤ ሳቅ ግን ቀረጥ አይሆነኝም። ሻሽ አምባ ሐይቅ አለ፣ ፏፏቴ አለ፣ ዋሻ አለ። ያንተ ድልድይ ውሃ የለው፣ ጠጅህ ደግሞ ውሃ ብቻ። እዚህ የመጣ ሰው የሚያየው ምን አለና ነው ገበያዬን የምተውልህ?”

ግራዝማች ጢማቸውን ጠመዘዙ። ባሻ የደጃዝማችን በቅሎ ልጓም ይዞ ቀና አለ።

«ለዚሁ ነዋ ጌታዬ! ሻሽ አምባ የሄደ ገበያተኛ ሲያይ ይመሽበታል፤ ቀይ ወይራ የመጣ ግን ከመገበያየት በቀር ምን ይሠራል?»