አማጣን የፈለገ ሸማኔ

አንድ ዓይነ ስውር ሸማኔ ነበረ። ሚስቱን ያበደ ውሻ አንገቷ ላይ ነከሳት። ክትባቱ ቶሎ ካልተጀመረ እንደምትሞት ያውቅ ነበርና፣ ጽሑፍ የሚያነብለትን ስልኩን ከፍቶ የወረዳውን ጤና ቢሮ ድረ ገጽ አስነበበ። ስልኩም «ክትባቱ በአማጣ ይሰጣል» አለው።

አማጣ የት ነው? ጎረቤቶቹን ጠየቀ፤ የሚያውቅ ጠፋ። አንድ ነጋዴ ብቻ፣ ቆላው ውስጥ ሳይሆን አይቀርም አለው። ሚስቱ ክንዱን ይዛ እየመራችው ወረዱ። በየመንደሩ ቢጠይቁም ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። በሦስተኛው ቀን ሚስቱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና፣ «አንተ ሰው፣ ይህን አገር የወለደችው ስልክህ ሳትሆን አትቀርም» አለችው። ሳቁ። እሱ ግን እየሳቀም የነጠላዋን ጫፍ አልለቀቀም።

ገጹን የሚሠሩት የቢሮው ሁለት ጸሐፊዎች ነበሩ። መስመሩ እንዲያጥርላቸው ክትባቱ የሚሰጥበትን «አርሶአደር ማሰልጠኛ ጣቢያ» ሴትየዋ በተነከሰችበት ሳምንት አማጣ አሉት። ከዚያ ተጣሉ። አንደኛው፣ አሕጽሮተ ቃል ስለሆነ በገጹ ኮድ ውስጥ የአሕጽሮተ ቃል ሁሉ ምልክት ይደረግበት አለ። ሌላው፣ ከመነሻ ፊደላት ተሠርቶ እንደ አንድ ቃል ስለሚነበብ የራሱ ምልክት አለው አለ። ለአለቃቸው ጻፉ። ከምልክቱ ጋር ሙሉው ስም የሚገባበትን፣ ስልክም የሚያነብበውን ቦታ ውሳኔ እስኪመጣ ባዶ ተዉት።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሸማኔው ብቻውን ቢሮው ደረሰ። ሚስቱ ውሃ ሲያቀርቡላት መንቀጥቀጥ ጀምራ ቤት ቀርታለች። አማጣ የት እንደሆነ ጠየቀ። ጸሐፊዎቹ ስሙን ሲሰሙ ክርክራቸው ተነሳባቸው። እስኪጨርሱ ቆሞ ጠበቀ።

«ጌቶቼ፣ እኔ የጠየቅሁት የት እንደሆነ ነው» አላቸው።

ነገሩት። ወደ ቆላ ሲወርዱ በአጥሩ ሥር ያለፉት ግቢ ነበር። በትሩን መሬት ላይ አጋድሞ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ሚስቱን በማግስቱ ቀበረ።

ልጄ፣ ድረ ገጽ ስትሠሪ ከሁለቱ ምልክቶች የትኛውን ልጠቀም፣ ልዩነታቸውስ ምንድን ነው ብለሽኛል። ልዩነት አለ። እንደ ቃል የሚነበበው ከአሕጽሮተ ቃላት አንዱ ዓይነት ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም ጸሐፊዎች እውነት ነበራቸው። ሴትየዋ ግን ሞተች። አንቺም ምልክቱን በትክክል አድርገሽ ሙሉውን ስም ባዶ ከተውሽው እንደ እነሱ ነሽ። ገጽሽን በጆሮው የሚያነብ ሰው አለ። መጀመሪያ ለእሱ ሙሉውን ጻፊለት፤ ክርክሩ ይደርሳል።