ግራ ዓይን የተከፈተ ዕለት

ተረት ይዣለሁ፣ ጆሮ ስጡኝ፤ ሰጠን ካላችሁ እነሆ።

በአንድ ሰው ፊት ላይ፣ አፍንጫን ድንበር አድርገው፣ ሁለት ዓይኖች ይኖሩ ነበር። ባለቤታቸው ቢተው አዳኝ ነበርና ጠመንጃ ባነጣጠረ ቁጥር ግራ ዓይኑን ይጨፍናል። የቀኝ ዓይን ልብ በዚህ አበጠ።

«አየህ አይደል፣ ቁም ነገር ሲመጣ አንተ ትተኛለህ። እኔ ብቻዬን እበቃለሁ!» አለው።

ግራ ዓይን «እንግዲያስ ይብቃህ» ብሎ ተከደነ።

በዚያው ዕለት ደራሽ ውሃ ፈፋውን ሞላው። የቢተው ልጅ ውባለም ማዶ ቆማ «አባዬ!» እያለች ትጮኻለች፤ የቆመችበት ዳር ይናዳል። ቢተው ሊሻገር ሮጠ። ለቀኝ ዓይን ግን ማዶው እንደ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕል ዝርግ ሆነበት። ቅርብ ይሁን ሩቅ መለየት ቢያቅተው፣ «ቅርብ ነው፣ እርገጥ!» አለ። ቢተው ባዶ አየር ረገጠ፤ ቁጥቋጦ ይዞ ለጥቂት ተረፈ።

ቀኝ ዓይን ደነገጠ። «ወንድሜ፣ በፈጠረህ አምላክ ተከፈት! ልጅቷ ልትሄድብን ነው!»

ግራ ዓይን አልተግደረደረም፤ ብልጭ አለ። የሁለቱ እይታ ሲገጥም ያ ዝርግ የነበረው ማዶ ርቀቱ ቁልጭ ብሎ ታየ።

«ሩቅ ነው፤ ወደ ኋላ ሄደህ ተንደርደር!» አሉ በአንድ ቃል።

ቢተው ተንደረደረ፣ ዘለለ፣ ውባለምን አቅፎ ከዳሩ በላይ ያለ ኮረብታ ላይ ወጣ። ዳሩ ከኋላቸው ተንዶ ሄደ። መንደሩ በእልልታ ቀለጠ፤ ሁለቱም ዓይኖች እኩል አነቡ።

ከዚያ ወዲህ ቢተው ባነጣጠረ ቁጥር፣ ቀኝ ዓይን «ወንድምዓለም፣ እንዳትቆይብኝ» ይላል።

እግዜር ዓይናችሁን ከነጥንዱ ይጠብቅላችሁ፤ ተረቴን ይኸው ተረከቡኝ።